ኦርቪል ያደለው አረር

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ተኩስ ሜዳው መሀል፣ የዴልበርት ሽጉጥ እጁ ውስጥ ፈነዳ። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ይዞበት ሄደ።

እጁን በፎጣ ጠቅልለው በፒክአፕ ወደ ሆስፒታል ከላኩት በኋላ፣ የቀሩት ወንዶች ዞረው ኦርቪልን አዩት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ለምን እንዳዩት ከተማው ሁሉ ያውቃል። ኦርቪል ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ የሽጉጥ አረር፣ ከጥይቱ ጫፍ ተወርውሮ የሚወጣውን፣ ይሠራል። ሌላው ኢላማ ሲመታ እሱ መሬት ለመሬት እየዞረ የትንንሽ ጥይት ባዶ ቀለህ ይለቅማል። ያጥበዋል፣ እሳት ላይ አግሎ ያለሰልሰዋል፣ እርሳስ ይከትበትና በእጅ መጭመቂያ ጨምቆ አፍንጫ ያወጣለታል። ቀለሁ ለእርሳሱ የናስ ልብስ ሆነው ማለት ነው። እዚህ አገር ወንዱ ሁሉ ጥይቱን እቤቱ ስለሚሞላ ባሩዱን እያንዳንዱ ራሱ ይጨምራል፤ አረሩን ግን ኦርቪል በኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙስ እያደረገ፣ ጠርሙሱ ላይ ዓመቱን ጽፎ፣ በየገናው በነፃ ያድላል። ማንም ለምኖት አያውቅም። እንቢ ያለውም የለም።

እሱ ራሱ መተኮስ ካቆመ ቆይቷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። መጭመቂያው ላይ ስሆን አይንቀጠቀጥም ይላል። ይበል።

«ያንተንማ ለክፉ ቀን ነው የማስቀምጠው» ይለው ነበር ዴልበርት። ያን በሰማ ቁጥር ኦርቪል ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

አሁን ግን ጋራዡን ቆልፎ ወጥ ቤት ውስጥ ተጎለተ።

«ቀለሁን አላለሰለስኩትም» አላት ሚስቱን ቨርናን።

«የትኛውን?»

«መጨረሻ ለዴልበርት የሰጠሁትን። የቤተ ክርስቲያኑ የገና እራት ዕለት። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ቶሎ በል እያልሽ ስትጮሂ...»

«አሃ! እኔ ልሁን ደግሞ!»

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ያልለሰለሰ ቀለህ እርሳሱን ጨብጦ አይዝም። እርሳሱ ብቻውን ይወጣና ልብሱ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ቀጥሎ የሚተኮሰው መጥቶ ይላተመዋል። ከዚያማ...» ጣቶቹን በተነ።

ቨርና ድስቱን ገጭ አድርጋ አስቀመጠች። «ሰው ለገና ብስኩት ያድላል፣ የኔው ጉድ እርሳስ! ታዲያ ለኔ ከምትናዘዝ ሂድና ለሱ አትነግረውም?»

አልሄደም። ዳቦ ሲያልቅ ዴልበርት የሚገዛበትን ሱቅ ሸሽቶ ወደ ሌላ ከተማ ነዳ። ቤተ ክርስቲያንም ቀረ።

«ሳሉ ተነስቶብኛል።»

«እሁድ እሁድ ብቻ የሚነሳ ሳል ዛሬ አየሁ» አለች ቨርና፤ በምድጃ የተጋገረ ትኩስ ድንች በሳህን እጁ ላይ አስያዘችውና ከቤት አስወጣችው።

በሩን የከፈተችለት የዴልበርት ሚስት አይዮና ናት። ገና ስታየው ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ዴልበርት የታሰረ እጁን ትራስ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል።

«ዴል፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ተው እንጂ ኦርቪ።»

«አልተውም። ቀለሁን ሳላለሰልስ...»

«ተው አልኩህ እኮ!» ዴልበርት ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆይቶ ሊቀልድ ሞከረ። «ዋናው ቢራ መያዣዬ መሄዱ ነው። በግራዬ ስጠጣ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አፈሳለሁ።»

«ዴልበርት» አለች አይዮና፣ «ንገረው።»

«ምኑን?» አለ ኦርቪል።

ዴልበርት ምንጣፉን አየ። «አልተቀየምኩህም። በቃ ይኸው ነው።»

አይዮና የድንቹን ሳህን ከእጁ መንጭቃ ወደ ውስጥ ገባች።

ኦርቪል እቤቱ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ዓይኔን ማየት ተጸይፏል» አላት ቨርናን። «የሰላሳ ዓመት... ወንድሜ ማለት እኮ ነው።» ቨርና ኮቱን ከትከሻው አወለቀችለት።

የተኳሾች ማኅበሩ ስብሰባ ሐሙስ ማታ ነበር። ኦርቪል የሠርግና የቀብር ልብሱን ለብሶ ሄደ። ዴልበርትም ነበረ፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ።

«የዴልበርትን ጣቶች የቆረጠው የኔ ሥራ ነው» አለ ኦርቪል ቆሞ። «ጠቢብ ነኝ እያልኩ ስኩራራባችሁ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ካደልኳችሁ አረር ተኩሳችሁ ያልጨረሳችሁት ካለ መልሱልኝ። አንድም ትቅር፣ ሁለትም ትቅር፣ አቅልጬ እጥላታለሁ። ሌላ ሰው እንዳልጎዳ።»

ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን አዩ። አንዱን አሳለው። ዴልበርት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ምንም አይደለም ኦርቪል፣ ተቀመጥ በቃ» አለ ሰብሳቢው።

«መልሱልኝ!» አለ ኦርቪል። ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ባርኔጣውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ቨርና ጋዜጣ ልታነሳ በሩን ከፍታ እዚያው ተገትራ ቀረች።

«ኦርቪል! ና እስቲ!»

በካልሲው ወጣ። አይዮና የመኪናዋን ኋላ ከፍታ ጠርሙስ እያወረደች ደረጃው ላይ ትደረድራለች። ቀድመዋት የመጡ ሌሎችም በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር በጠርሙስ ሞልተውት ሄደዋል፤ ክዳኖቹ ውርጭ ይዘዋል። የአምናው ገና አለ፣ የካች አምናው አለ፣ ጡረታ የወጣበት ዓመትም አለ።

«የዴልበርት እነዚህ ናቸው» አለች አይዮና፣ ቀና ሳትል። «መጨረሻ የሰጠኸውም እዚያው አለ።» መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ኦርቪል ተንበርክኮ ውርጩን በእጁ እየጠረገ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉም፣ የዴልበርት የመጨረሻውም፣ እስከ አፋቸው ሙሉ ነበሩ።