ደሴን ለመሸኘት የተሰናዳ ስንቅ

ባንቺዓለም እሳቱን ሆን ብላ አዳከመችው። ለበሶ የሚቆላው ገብስ ገና እንደነጣ ነው፤ እሷም ቶሎ እንዲበስልላት አትፈልግም። ልጇ ደሴ ደጃፉ ላይ በሁለት ታጣቂዎች መሀል ተቀምጧል። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምለሃል ብለው ከአውድማው ላይ ነው የያዙት።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንየው ልጁን ሊወስድ ሲነሣ «አልተሰናዳሁም» አለችው። እንየውም የአገሩ ልጅ ነውና ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያ መንደር ያለ ስንቅ ከቤት የሚወጣ ሬሳ ብቻ ነው፤ እናት ሳትሰንቅለት ልጅ የነጠቀ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ቦታ የሚለቅለት አያገኝም።

አርብ ገበያ ከተማ የቆመው የምልምሎች መኪና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሄዳል። እሱ ካመለጣቸው ደሴ ሲመሽ ሹልክ ብሎ ወደ በሽሎ ወንዝ በረሃ ይወርዳል፤ እዚያ እንኳን ታጣቂ ዝንጀሮም መንገድ ይጠፋዋል።

ያላሰበችው የቃሉን ክብደት ነው። «አልተሰናዳሁም» ለባለትዳር ሴት ከስድብ ይብሳል። እንግዳ ደርሶባት ጓዳዋ ባዶ የሆነባት ናት እንዲህ የምትል፣ እሷም በሹክሹክታ። ባንቺዓለም ደግሞ ስንዱ የተባለች፣ ድግስ የጨነቀው ሁሉ የሚጠራት ሴት ናት። አንዱ ታጣቂ ጎረቤት ውኃ ሊጠጣ ገብቶ ነገሩን አወራው። መንደሩ ደነገጠ።

መጀመሪያ ሙሉነሽ በቅል በሶ ይዛ ገባች። ውብነሽ ዳቦ ቆሎ አስከተለች። ባንቺዓለም ተዉ እንዳትላቸው እንየው ይሰማል። በዓይኗ ብትለምናቸው ያፈረች መስሏቸው አንገታቸውን ደፉላት። ፀሐይዋ ገና ከጣሪያው በላይ ናት።

በመጨረሻ ታደለች መጣች። አምና አንድ ልጇን ከገበያ መሀል አፍሰው ሲወስዱባት እፍኝ ቆሎ እንኳ አላቀበለችውም። ቅቤ የጠጣ ጭኮ በዕቃ ሞልታ አቅፋለች።

«የኔው ባዶ እጁን ሄደ፤ ያንቺስ ባዶ እጁን አይሄድም፣ እቴ» አለቻትና የደሴ ስንቅ በሚከተትበት አቁማዳ ውስጥ ጨመረችው።

እንየው ብድግ አለ። ስንቁ ሞልቷል፣ እንግዲህ መንገድ ነው ብሎ ታጣቂዎቹን አስነሣ።

ሴቶቹ ባንቺዓለምን ከበው ቆመዋል። ከነውር ያወጧት መስሏቸው ፊታቸው ፈካ ብሏል። የአቁማዳውን አፍ አጥብቃ አሰረች። ከዚያም እንደ ወጉ ለእያንዳንዳቸው ጎንበስ እያለች «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው።