የአዳር በጀት

«ለጫካ አዳር?» አለ ሃይደር ከተሰበሰቡት ወላጆች መሀል ብድግ ብሎ። «ልጆቻችን የሚጠጡት ውሃ ሳይኖር፣ መንግሥት ጫካ ወስዶ ሊያሳድራቸው በጀት ያዘ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሁድ ረፋድ ላይ የስድስተኛ ክፍል ወላጆች ልጆቻቸውን አስከትለው መጥተው፣ በልጅ ወንበር ላይ እንደምንም ተጣብበው ተቀምጠዋል። እንዲህ የተቀመጠ ሰው ለመሳቅም ለመቆጣትም ሰበብ አያጣም።

«አቶ ሃይደር፣ ልክ ነዎት» አለ የሳይንስ መምህሩ ገረመው። «ግን ገንዘቡ ከክፍለ ከተማው የመጣው ለአዳር ትምህርት ብቻ ነው። የውሃ ታንከር እንግዛበት ብንል አይፈቅዱልንም። ካልተጠቀምንበት ተመላሽ ይሆናል፤ ለከርሞ ደግሞ ‹አልፈለጋችሁም› ይሉናል። ልጆቹ መናገሻ ጫካ ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ዛፍ ይለያሉ፣ ኮከብ ያያሉ። እዚህ ቦሌ ሚካኤል ከአውሮፕላን በቀር ሰማይ ላይ ምን ያያሉ?»

«ጅብስ?» አለች አንዲት እናት ከኋላ።

«ጥበቃ አለ፣ እናቴ።»

መስኮቱ ጥግ ከልጇ ከዮሃና ጋር የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ ኣብርሀት አልሳቀችም። ሌላው ወላጅ ብርድና ጅብ ይፈራል፤ እሷ የምትፈራው ሰው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከሽሬ ስትሸሽ ይህችን ልጅ ታቅፋ ስንት ሌሊት ጫካ ውስጥ አድራለች። ለጎረቤት ግን «በአውቶቡስ ነው የመጣነው» ነው የምትለው፤ ልጅቷም ሰምታ ያንኑ እንድትይዝላት። ዮሃና ያኔ ትንሽ ነበረች። ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ረስታዋለች፣ ተመስገን። ታዲያ እግዜር ያስረሳትን መንግሥት ከፍሎ ያስታውሳት? ኣብርሀት ቆርጣለች። ልጇ ቤቷ ታድራለች።

«እንግዲህ በእጅ እንለየው» አለ ገረመው። «እጁን ያወጣ ወላጅ ልጁ ይሄዳል። ከግማሽ በታች ከሆንን ግን ጉዞው ለሁሉም ይቀራል። ከዚያ በፊት፣ ልጆች፣ ጥያቄ አላችሁ?»

አንዱ ልጅ ዋይፋይ መኖሩን ጠየቀ፤ ተሳቀ። ቀጥላ የተነሳችው ዮሃና ነበረች። ኣብርሀት በእጅጌዋ ጎተተቻት፤ አልተቀመጠችም።

«ማታ ላይ» አለች፣ «ማውራት ይፈቀዳል?»

«እንዴታ!» አለ መምህሩ። «እሳት አንድደን እንዘፍናለን እንጂ!»

ዮሃና ግን አልጨረሰችም። «ሰዎች በአጠገባችን ሲያልፉስ? ያኔም ማውራት እንችላለን?»

የኣብርሀት እጅ ሳታስበው ተነሳና የልጇን አፍ ከደነ።

ዮሃና አልደነገጠችም። ፊቷን እንኳ አላዞረችም። ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅ ሳታሰማ በአፍንጫዋ ቀስ እያለች መተንፈስ ጀመረች። ታውቅበታለች።

የሚስቅ ጠፋ። ሃይደር እንኳ አንገቱን ደፋ። ገረመው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ጠመኔውን በጣቶቹ ያሽከረክራል።

ኣብርሀት እጇን አወረደች። ልጇ አልረሳችም። ልጅቱ አንዲት ሌሊት እንኳ አልረሳችም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያለችው «አሁን አውሪ» የሚላት ጠፍቶ ነው።

«ይቻላል፣ ጓለይ፣ ልጄ» አለቻት። «ማንም ቢያልፍ ማውራት ትችያለሽ።»

ዮሃና ዓይኗን ገልጣ እናቷን አየቻት። ያመነች አትመስልም።

«እሺ» አለ ገረመው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የምትስማሙ...»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ማንም መጀመሪያ መሆን አልፈለገም። ኣብርሀት ቀስ ብላ እጇን አነሳች። በተከፈተው መስኮት የገባው ነፋስ፣ በልጇ ትንፋሽ የረጠበ መዳፏን አቀዘቀዘው።