ደረቅ አፍንጫ

ጤናዬ የልጇን አፍንጫ በጣቷ ጫፍ ትዳስሳለች። ደረቅ ነው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትዳስሳለች። አሁንም ደረቅ ነው።

ሁለት ክረምት ያየው አለበል ከጉንፋን ተለይቶ አያውቅም። አንዱ ለቀቀው ሲሉ ሌላው ይይዘዋል። እሱ ሲያስነጥስ፣ ሲያስል፣ ደረቱ ሲያፏጭ፤ እሷ ዳማከሴ ስትጨምቅ፣ ጠበል ስታመላልስ፣ «እመቤቴ፣ ይህን አፍንጫ ባደረቅሽልኝ» ስትል ነው የኖሩት። ዛሬ ደረቀ። እንጥል ቆራጩ አያ ቢተው በሚመጣበት ቀን።

ልጁን በጉንፋን የሚያመላልሰው የወረደ እንጥሉ ነው ያሉት አማቷ እማማ ወለተ ሐዋርያት ናቸው። አያ ቢተው እስካሁን በመጣ ቁጥር ልጁን አይቶ ተመልሷል። አፍንጫው የሚፈስ ልጅ አይቆርጥም፤ ሳሉ ቁስሉን ይከፍተዋል ይላል። እሱ በተመለሰ ቁጥር ጤናዬ ንፍጡን እየጠረገች በሆዷ ተመስገን ትል ነበር። የእህቷ የሥራነሽ ልጅ ተቆርጦ ደሙ አልቆመም። የቀበሩት በማግስቱ ነው።

«ምን ያንቆራጥጥሻል?» ይላሉ እማማ ከምድጃው አጠገብ። «አረፍ በይ እንጂ።»

«እንጨት ላስገባ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«እንጨቱማ ገብቷል። ራስሽ ነሽ ያስገባሽው።»

ልጇን ታዝልና ታወርዳለች። ወደ በሩ ትሄዳለች። ውጭ ካፊያ ነው፤ የጉንደ ወይን መንገድ በጭቃ ላቁጧል። ባሏ፣ ድረስ፣ እህል ጭኖ ወደ ደጀን ሄዷል፤ «እናቴ ያለችሽን አድርጊ» ብሏት ነው የሄደው።

የአለበልን የሱፍ ቆብ ታወልቅና ፊቱን ወደ ነፋሱ ታዞረዋለች። አንዲት ጠብታ ንፍጥ። ለዛሬ ብቻ። ወዲያው ደግሞ ትደነግጣለች። ምን ዓይነት እናት ናት ልጇን ለብርድ የምትሰጥ? ቆቡን መልሳ ታጠልቅለታለች። ደግሞ ታወልቃለች።

«አንቺ! ልጁን ያለ ቆብ?» ከማዶ ጎረቤቷ ሸሪፋ፣ የጨው ነጋዴው ሚስት፣ ነጠላዋን ደርባ በጭቃው እየዘለለች ትመጣለች። «የኔዎቹን ንፍጣሞች አስመሰልሽው እኮ!»

ጤናዬ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «ሸሪፋ፣ ያንቺዎቹ ተቆርጠዋል?»

«ትልቋ ተቆርጣለች። ትንንሾቹን አባታቸው አይሆንም አለ። የተቆረጠችውም ያልተቆረጡትም እኩል ሲያስነጥሱ አየዋ!»

«ታዲያ በምን ዳኑ?»

«በማስነጠስ ነዋ! አንዱን ጉንፋን ይለምዱታል፤ ሌላው ይመጣል፤ እሱንም ይለምዱታል። አሁን ያውልሽ፣ ከዝናብ በዱላም አይወጡልኝ።»

«ማናት? ሸሪፋ ናት?» ይላሉ እማማ። «ግቢ ወይ ውጪ፣ ብርድ አታስገቢብን።»

«ሱቁን ጥዬ ነው፣ እማማ። አያ ቢተው ከታች ሲመጣ አየሁትና ልንገራችሁ ብዬ ነው።» የጤናዬን ክንድ ጨበጥ አድርጋ ትመለሳለች።

አያ ቢተው ጭቃውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ይገባል። ፊቱ ደግ ነው። እጁን አስታጥቡኝ ይላል፣ ያማትባል፣ ከዚያ የአለበልን አፍንጫ ቆንጠጥ ያደርጋል።

«አሃ! ዛሬስ ጌታው ደርቀዋል።»

«ተመስገን!» ይላሉ እማማ። «ተመስገን በይ እንጂ፣ ጤናዬ።»

«ተመስገን» ትላለች። ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«አትፍሪ። ጃንሆይ ይሙቱ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ነው።» ከነጭ ጨርቅ ውስጥ አንድ ማንኪያና ጫፉ የቆለመመ ቀጭን ቢላ ያወጣል። «ነይ ተቀመጪ። በጉልበቶችሽ መሐል ያዢው። ሌላ ሰው ሲይዘው ይሸበራል፤ የእናቱን ጉልበት ግን ያምናል።»

ትቀመጣለች። አለበል ጨዋታ መስሎት በፈቃዱ ጉልበቶቿ መሐል ይገባል። ጀርባውን አስደግፎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ከታች ወደ ላይ እያያት ይስቃል።

ሳቁ በጭኖቿ በኩል ይሰማታል። ትንፋሹም። ደረቱ አያፏጭም። ከመቼ ወዲህ ነው የተወው? ልታስታውስ ትሞክራለች። ያለፈው ጉንፋን ዳማከሴው ሳይጨመቅ ነው የለቀቀው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ለሳልም አልደረሰ። እሷ ቀጣዩን ስትጠብቅ፣ የሄደውን ልብ አላለችም።

«ጠበቅ አድርጊው» ይላል አያ ቢተው፣ ማንኪያውን ወደ ልጁ አፍ እያስጠጋ።

ጉልበቶቿ ይከፈታሉ።

አለበል ወደፊት ይንገዳገዳል፤ ይቆማል፤ በተከፈተው በር ወጥቶ ይሮጣል።

«ያዢው እንጂ!» እማማ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። «ኧረ ብርዱ! ኧረ ቆቡን!»

«አይቆረጥም፣ እማማ።»

«ምን አልሽ?»

«ልጄ አይቆረጥም። ለድረስ እኔው እነግረዋለሁ።» በዚህች ቤት ለአማቷ እንቢ ስትል ራሷን የሰማችው ገና አሁን ነው። «ቢያስነጥስ ያስነጥስ። እኔ አለሁለት።»

አያ ቢተው አንዴ እማማን፣ አንዴ እሷን ያያል። ቢላው በእጁ ነው። እማማም «ያዘው» አላሉም፤ እሳቸውም እንደ እሷ ወደ ደጁ እያዩ ነው።

ደጅ፣ ከሸሪፋ ልጆች መሐል፣ አለበል ውሃ በቋጠረ ጉድጓድ ውስጥ ባዶ ራሱን ቆሟል። ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ፣ ካፊያውን ይጠጣል።