ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ

ባለተሳቢው የጭነት መኪና እያጓራ ሲያልፋቸው ንፋሱ ትንሿን ሞተር ብስክሌት ወደ ቦዩ ገፋት። ሳህሌ መሪውን ጨምቆ እንደ ምንም አቃናትና ከመንገዱ ዳር አቆማት። ከኋላው የተቀመጡት አማቱ አቶ ዱሬሳ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ድሮም አያናግሩትም። ልጃቸው ዲንቄ ይህን የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ አግብታ አቃቂ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸው የሁለቱን ደጅ ረግጠው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሽማግሌው ሳሪስ ዘመድ ቤት መምጣታቸውን ሲሰማ፣ ሳህሌ ከሥራ ባልደረባው ሞተር ተውሶ በጠዋት ደረሰና ልውሰድዎ አላቸው። ከዘራቸውን አንስተው ተከተሉት።

የጋቢያቸው ጫፍ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ጎንበስ ብሎ ወገባቸው ላይ አስሮላቸዋል። መንገድ ሲመርጥ ግን ልቡ አሳሳተው። በአስፋልቱ ሽው አድርጎ ወስዷቸው፣ ልጃቸው ምን ዓይነት ወንድ እንዳገባች ሊያሳያቸው ፈለገ።

አሁን ሌላ መኪና ከሩቅ ይጮኻል። ሳህሌ ሞተሯን ሊያስነሳ እግሩን አነሳና ተወው። ዞሮ አያቸው።

«አባባ፣ ፈራሁ። ይቺ ለዚህ መንገድ አቅም የላትም። እርስዎን ይዤ ደግሜ አልገባበትም።»

ዱሬሳ ለረጅም ጊዜ አተኩረው አዩት። ከዚያ በከዘራቸው ከአስፋልቱ ጎን ከሚያልፈው ሐዲድ ማዶ ያለውን የአፈር መንገድ አመለከቱት። በልጅነታቸው ከብት የነዱበት ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም አቃቂ ያደርሳል፣ ከጋሪ በቀር የሚያስቸግር የለም አሉት።

ማቋረጫው ጋ ሳህሌ ሞተሯን አጥፍቶ ወረደ። ሐዲድን በሰያፍ የሚሻገር ጎማ እንደሚንሸራተት እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል? ከላይ የሚመጣ ባቡር ጮኸ። መሬቱን እያንቀጠቀጠ እስኪያልፍ ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ሞተሯን ቀጥ አድርጎ መግፋት ጀመረ። ድንገት ቀለለችው። ዞር ቢል ሽማግሌው ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ከኋላ ይገፋሉ።

በአቧራው ላይ ቀስ ብለው ሄዱ። ዱሬሳ ከጀርባው ሆነው ወደ ቀኝ በል፣ እዚህ ጋ ጎርፍ ሸርሽሮታል፣ ያ ድንጋይ ይነቀነቃል ይሉታል። በሁለት ዓመት ያላወሩትን በዚያች መንገድ አወሩ።

የአቃቂ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ብቅ ሲሉ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ልጁ ስም ወጣለት?»

«ገና ነው፣ አባባ። እርስዎን እየጠበቅን ነው።»

ጥቂት ቆይቶ የግንባራቸው ክብደት ጀርባው ላይ ሲያርፍ ተሰማው። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ለጥ ያለ ነበር፤ ሳህሌ ግን ፍጥነቱን ይበልጥ ቀነሰ።