የጋሽ ቀስ በቀስ ጫማ

ነጯ ነጥብ ከእናቷ ግራ ሳንባ ላይ ንቅንቅ አላለችም። ፕሮግራመሯ የራጁን ምስል ስክሪኑ ላይ አሳደገችው፣ አሳነሰችው፣ አጨለመችው፤ ነጥቧ እዚያው ነች። ጠዋት ዶክተሯ ምስሉን አይታ፣ «ለማንኛውም ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንላካቸው» ብላ ወረቀት ጽፋለች። ፕሮግራመሯን ማሽኑ ፊት ያስቀመጣት ይኸው «ለማንኛውም» ነው።

እናቷ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አልደነገጠችም፤ ቢያንስ አልደነገጥኩም ብላለች። ብቻ የቁም ሣጥኗን ቁልፍ ከመያዣው ፈትታ፣ «እንዲያው አንቺ ጋ ይቀመጥ» ብላ ለልጇ ሰጥታታለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ቁልፍ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። አሁን ፕሮግራመሯ ኪስ ውስጥ ነው፤ በተነቃነቀች ቁጥር ጭኗን ይወጋታል።

«ቀስ በይ ልጄ» አለ የራጅ ባለሙያው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሳይል ቀን ስለማያልፍለት፣ ክሊኒኩ በሙሉ ጋሽ ቀስ በቀስ ነው የሚለው። «እኔ ይቺን ነጥብ የሆነ ቦታ አውቃታለሁ።»

«የት ያውቋታል? የእናቴ ሳንባ ነው እኮ!»

«አትቆጪኝ። ጠርዟን ልብ ብለሽ እዪልኝ።»

አየች። ነጥቧ ክብ ነች፤ ከታች በኩል ግን በማስመሪያ እንደተቆረጠች ቀጥ ብላ ታልቃለች። የሰው ሥጋ ደግሞ በማስመሪያ አይታመምም። እንዲህ ቀጥ ያለ ጠርዝ የሜሞሪ ሥራ ነው። የዚህ ማሽን ሜሞሪ ደግሞ የእሷ ኃላፊነት ነው።

ማሽኑ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አሉ። ፕሮሰሰሩ የራጁን ምስል ተቀብሎ ሁለቱ በሚጋሩት ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፤ ከጎኑ ያለው ፈጣን ቺፕ ከዚያው አንስቶ ያጠራዋል። ሁለቱ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ መሃል ሆኖ የሚያግባባቸው ድራይቨሩ፣ ማለትም እሷ የጻፈችው ፕሮግራም ነው። ፕሮሰሰሩ አንድ አመል አለው። የጻፈውን ሁሉ ወዲያው ወደ ጋራው ሜሞሪ አያወጣም፤ ጥቂቱን በራሱ ኪስ ያቆያል። ስለዚህ ድራይቨሩ ቺፑን ከመጥራቱ በፊት «ኪስህን አራግፍ» ሊለው ይገባል፤ አለዚያ ቺፑ አዲሱ ምስል ካልደረሰበት ቦታ ላይ ያለፈውን ምስል ቁራጭ ያነሳል። ያቺን ትእዛዝ ትናንት ከሰዓት ሰርዛታለች፣ ሥራ ታጓትታለች ብላ። ከሰረዘቻት በኋላ ሃያ ጊዜ ሞከረች፤ ሃያውንም ጊዜ ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣላት።

«ትናንት በምን ነበር የሞከርኩት?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«በምን ይሆናል፣ በሰሌዳዋ ነዋ።»

ሰሌዳዋ ጋሽ ቀስ በቀስ በየማለዳው ማሽኑን የሚፈትንባት የፕላስቲክ ሰሌዳ ናት። መሃሏ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ብረት ተቀብራለች፤ በራጅ ስትታይ ነጭ ትሆናለች። ሃያ ጊዜ ያችኑ ሰሌዳ! ቺፑ አዲሱን ምስል ቢያነሳ፣ ካለፈው የቀረውን ቢያነሳ፣ ሁለቱም ያው ሰሌዳ ናቸው፤ ማን ይለያቸዋል? ዛሬ ማለዳ ደግሞ ከሰሌዳዋ ቀጥሎ ማሽኑ ፊት የቆመችው የመጀመሪያዋ ሰው እናቷ ናት። ወረፋውን ያስቀደመችላት ራሷ ልጅየዋ ናት።

«ሌላ ነገር እናንሳ፤ ምንም ይሁን ብቻ!»

ጋሽ ቀስ በቀስ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠነ፤ ጫማውን አወለቀ። ሰሌዳዋን አነሱ፣ ቀጥሎ ጫማውን። ንጹሕ። እንደገና ሰሌዳዋን፣ እንደገና ጫማውን። አሁንም ንጹሕ። በሦስተኛው ግን ከጫማው ተረከዝ ላይ አንዲት ነጭ ክብ፣ ከታች ቀጥ ብላ የተቆረጠች፣ ቁልጭ ብላ ወጣች።

«ወይ ጉዴ! ጫማዬም ታመመ!»

ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም ተከተለው። የሰረዘቻትን ትእዛዝ ቦታዋ መለሰች። ከዚያ እያፈራረቁ አሥር ጊዜ ሰሌዳ፣ አሥር ጊዜ ጫማ አነሱ። አሥሩም ጊዜ ጫማው ጤነኛ ነበር።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ጋሽ ቀስ በቀስ ማሰሪያውን እየቋጠረ።

«ዛሬ ያሻዎትን ይበሉኝ ጋሼ።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ እናቷን ጠራች። «እማዬ ነይ፣ አንዴ እንድገመው።»

«ምነው፣ ባሰብኝ እንዴ?»

«የታመመው ማሽኑ ነው። ያሳመምኩትም እኔ ነኝ።»

እናቷ ትክ ብላ አየቻትና ገባች።

«ትንፋሽ ይያዙ» አለ ጋሽ ቀስ በቀስ። ምስሉ መጣ። ሁለቱም ሳንባዎች ጥርት ብለዋል፤ ከጎድን አጥንቶቹ በቀር አንዲት ነጭ ነገር የለችባቸውም። ዶክተሯ ተጠርታ መጣች፣ አጎንብሳ ብዙ አየች፣ ከዚያ የጻፈችውን ወረቀት ለሁለት ቀደደችው። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ እንደተተከሉ የራጅ ክፍሉ መስታወት ተንኳኳ። እናቷ ከወዲያ በኩል ጉንጮቿን ነፍታ፣ ፊቷ ቀልቶ ቆማለች።

«ውይ! ይተንፍሱ እናቴ፣ ይተንፍሱ!» አለ ጋሽ ቀስ በቀስ።

እናቷ ልብሷን ለብሳ እስክትወጣ ፕሮግራመሯ በሩ ላይ ቆማ የይቅርታ ቃል ስትፈልግ ቆየች። እናቷ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ወጣችና ፊቷ ቆመች። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች።

«በይ፣ ቁልፌን።»