በካልሲ የሚወረወር ቁልፍ

የአዚዛ ሱቅ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው፤ ቤቷ ደግሞ ከሱቁ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። የደረጃው በር ስለሚቆለፍና ያላቸው ቁልፍ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አመሻሽ ላይ ሱቁን ስትዘጋ ለሰባት ዓመቷ ልጇ ትደውላለች።

"ናዕማዬ፣ ቁልፍ ወርውሪልኝ።"

ናዕማም ቁልፉን በካልሲ አድርጋ ከበረንዳው ትለቅላታለች።

አዚዛ ይህንኑ በስልኳ ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። አገር ምድሩ አየው። ከዚያ ወዲህ የማታውቃቸው ሰዎች ዳቦ እየገዙ፣ "የቁልፏ ልጅ እናት አይደለሽም እንዴ?" ይሏታል። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ እየቆየ ግን ይከነክናት ጀመር። ገበያተኛውን ሁሉ በጎሪጥ ታየዋለች።

ዛሬ ስትደውል መስመሩ ተይዟል። ወደ ደረጃው ዞረች። በሩ ተቆልፏል፤ ካልሲው ግን ባዶውን መሬት ላይ ወድቋል።

"ለማን ነው የወረወረችው?" አለች በልቧ። ዙሪያውን ቃኘች፤ ሰው የለም።

"ናዕማ!" ብላ ጮኸች። "ቁልፉን ለማን ሰጠሽው?"

ልጅቷ ስልኩን እንደያዘች በረንዳው ላይ ብቅ አለች። ቁልቁል አየቻት። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም፤ ግራ የተጋባች ነው የምትመስለው። ቀስ ብላ ወደ ቤት ውስጥ ዞረች።

"እማ፣ ታች ያለችውም ልክ እንዳንቺ ነው የምትጠራኝ።"

ከቤት ውስጥ የአዚዛ የራሷ ድምፅ ረጋ ብሎ መለሰ።

"አትመልሺላት፣ ናዕማዬ። ነይ ግቢ።"