ነጭ ዘይት

መካኒኩ የካምቢዮውን ቡሎን ሲፈታ፣ ዘይቱ ዛሬም ውሃ ገብቶበት ወተት መስሎ ወረደ። ጀልባዋ ዓሣ አጥማጁ ከሰጠመ ወዲህ ግቢ ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጣለች፤ ጠብታ ውሃ አልነካትም። ውሃ እንዳይገባ የሚያግደውን ጎሚኒ በአዲስ ቀይሯል፣ ዘይቱንም ስንቴ ደፍቷል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

የሟቹ ሚስት ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ ያን ቀን ጠዋት ካምቢዮውን አይተህለት ነበር አይደል?»

አይቶለት ነበር። ያኔም ዘይቱ ነጥቶ ነበር። «ግድ የለም፣ ለዛሬ ያደርስሃል» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ነው የሸኘው።

«አይቼለት ነበር» አለ። የቀረው ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። «ደህና ነበር፣ እህቴ።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ቀኑ ደርሶ ነው።»

አዲስ ዘይት ሞላ፤ ሞተሩን ለአፍታ አስነስቶ አጠፋና ቡሎኑን እንደገና ፈታ። ዘይቱ ጥርት ብሎ፣ እንደ ማር እየተሳበ ወረደ።

«አየህ! እጅህ ይባረክ!»

አሜን ሊል ሲል ሳል አነቀው። አፉን በመዳፉ ከደነ። ሲለቀው መዳፉን ገልጦ አየ፤ ወተት የመሰለ ዘይት ሞልቶታል። ምላሱ ላይ የባሕር ጨው ቀርቷል።